«ሃይፐር» እና «ፖሊ» ሁለቱም መብዛትን ካመለከቱ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በማስታወሻዬ ላይ «ሃይፐር» እና «ፖሊ» የሚሉት የግሪክ ቅድመ ቅጥያዎች ሁለቱም «የበዛ» ተብለው በአንድ ረድፍ ተጽፈዋል። ትርጉማቸው አንድ ከሆነ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ሃይፐርግላይሴሚያ፣ ሽንት ሲበዛ ግን ፖሊዩሪያ የሚባለው ለምንድን ነው? ከመሸምደድ ይልቅ ምክንያቱን ተረድቼ መያዝ ስለምፈልግ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
ሁለቱን በአንድ ረድፍ ማስፈር ተማሪን ያሳስታል። «ሃይፐር» በመነሻው «በላይ» ማለት ነው፤ ግእዙ «ልዕለ» እንደሚለው ያለ ነው። ስለዚህ ቃሉ በተነሳ ቁጥር የታለፈ ልክ አለ ማለት ነው። በደም ውስጥ የሚገኝ ፖታሲየም አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሃይፐርካሊሚያ ይባላል፣ የፖታሲየም የላቲን ስሙ ካሊየም ነውና። «ፖሊ» ግን «ብዙ» ማለት ብቻ ነው። ፖሊአርትራይተስ የምንለው አምስትና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያዎች ሲቆጡ ነው፤ እዚህ ላይ የምንቆጥረው ብዛትን ነው እንጂ የታለፈ ልክ የለም፣ አንድም መገጣጠሚያ ቢሆን መቆጣት አይገባውምና።

ሆኖም ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። ፖሊዩሪያ ራሱ ልክ አለው፤ በአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ3 ሊትር በላይ ሽንት ማለት ነው። እንዲያውም እርስዎ የጠቀሷቸው ሁለቱ ቃላት በአንድ ታማሚ ላይ ተያይዘው ይገኛሉ፦ የደም ስኳር ኩላሊት መልሶ ሊመጥጠው ከሚችለው በላይ ሲሆን ትርፉ ወደ ሽንት ያልፋል፤ ሲያልፍም ውኃ ይዞ ስለሚወጣ ሽንቱ ይበዛል፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ደግሞ ጥሙ ይበረታል፣ ይህም ፖሊዲፕሲያ ይባላል። ምክንያቱ በ«ሃይፐር»፣ ታማሚው የሚነግረን ምልክት በ«ፖሊ» መሰየሙን ካስተዋሉ፣ ቢያንስ በስኳር በሽታ ላይ ቃላቱ አይምታቱብዎትም።

መልስ 2 (የሕክምና ጽሑፎች ተርጓሚ)፦
ሐኪሙ ባሉት ላይ ከራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ ነው። ሃይፐርቴንሽንን ብዙ ሰው «ደም ብዛት» ይለዋል። ቃሉን እንደ ወረደ ካየነው ግን የሚገልጸው ሃይፐርቴንሽንን ሳይሆን ፖሊሳይቲሚያን፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ የሚበዙበትን ሌላ ሕመም ነው። «ደም ብዛት አለብዎት» የተባለ ሰው ደሜ በዝቷል ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ኃይል መጨመሩን የነገረው የለምና። «ደም ግፊት» የተሻለ ነው፤ እርሱም ቢሆን ማንኛውም ጤነኛ ሰው ያለውን ነገር ስለሚጠራ፣ በጽሑፍ ሁልጊዜ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ብለን እንድንጠቀም አጥብቄ እለምናለሁ። «ከፍተኛ» የምትለዋ ቃል የ«ሃይፐር»ን ሥራ የምትሠራ ናትና ልትቀር አይገባም።

መልስ 3 (ነርስ)፦
በሥራ ላይ ሲውሉ የሚጠቅሙዎትን ሁለት ነገሮች ልንገርዎት። ታማሚ «ሽንቴ በዛ» ሲል ወዲያው ፖሊዩሪያ ብለው አይጻፉ፤ ቶሎ ቶሎ እየሄደ ጥቂት ጥቂት የሚሸና ከሆነ ስሙ ፖላኪዩሪያ ነው፣ ቃሉም «ደጋግሞ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። መጠኑን ሳይለኩ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። «ሃይፐር» እና «በታች» ማለት የሆነው «ሃይፖ» በስልክ ወይም በጥድፊያ ሲነገሩ ለጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ በደም ስኳር ላይ ግን ሕክምናቸው ተቃራኒ ነው፦ ሲበዛ ኢንሱሊን፣ ሲወርድ ስኳር ይሰጣል። ስለዚህ ተረኛ ሲያስረክቡ ቃሉን ብቻ አይናገሩ፤ «ስኳሩ ወርዷል፣ በዴሲሊትር 52 ሚሊግራም ነው» ብለው ቁጥሩን ከነመለኪያው ይጥሩ፣ የተቀበለዎትም ሰው መልሶ እንዲነግርዎት ያድርጉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ሃይፐርትሮፊ እና ሃይፐርፕሌዢያ ሁለቱም «ሃይፐር» ናቸው፤ በምን ይለያያሉ?

መልስ 1፦
ልዩነቱ ያለው ከ«ሃይፐር» በኋላ በሚመጣው ቃል ነው። «ትሮፊ» መመገብ፣ «ፕሌዢያ» መቀረጽ ከሚሉ ቃላት የመጡ ናቸው፤ በመጀመሪያው እያንዳንዱ ሕዋስ ይገዝፋል፣ በሁለተኛው የሕዋሳቱ ቁጥር ይጨምራል። የአዋቂ ሰው የልብ ጡንቻ ሕዋሳት እምብዛም ስለማይከፋፈሉ ከፍተኛ ግፊት የሚያደክመው ልብ በሃይፐርትሮፊ ይወፍራል፤ በዕድሜ የሚያድገው ፕሮስቴት የተባለው የወንዶች ዕጢ ግን ሃይፐርፕሌዢያ ነው።