98 ኪሎ ለሚመዝን ነጂ የኋላው ሞላ ስንት ይሁን?

ሞተር ሳይክሌ ከኋላ አንድ አሞርዛተር (ሞላ ያለው ንዝረት መቀነሻ) ያለው ነው። የጎማው እንቅስቃሴ 180 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሞላው ላይ የተጻፈው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 100 ኒውተን ነው። ጎማው 3 ሚሊ ሜትር ሲሄድ አሞርዛተሩ 1 ያህል ይታመቃል። ከነሄልሜቴና ጃኬቴ 98 ኪሎ እመዝናለሁ።

ከኋላው ጎማ መሃል እስከ ጭራው ሦስቴ ለካሁ፤ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ሞተሩ ብቻውን ቆሞ፣ ከዚያም እንደምነዳው ተቀምጬበት። ሞላው ገና ክብደት ሳያርፍበት በዳዶው 8 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ ሳለ ብቻውን 17፣ ከእኔ ጋር 69 ሚሊ ሜትር ወረደ። ከእኔ ጋር የሚወርደውን ከጎማው እንቅስቃሴ 30 በመቶው፣ ማለትም 54 ላይ ለማድረስ ዳዶውን አጥብቄ ጭምቁን 13 አደረግኩት። 54 መጣ፤ ብቻውን ሲቆም ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው! አሁን ጉብታ ላይ ጀርባው ሽቅብ ይወረውረኛል። የመመለሻውን ማስተካከያ (አሞርዛተሩ ከታመቀ በኋላ የሚዘረጋበትን ፍጥነት የሚወስነውን) 4 ቀጭታ ባጠብቀው ደግሞ በተከታታይ ጉድጓዶች ላይ ሳይዘረጋ እየታመቀ ስለሚሄድ ወደነበረበት መልሼዋለሁ።

ዳዶ ማጥበቅ ቁመቱን ያነሳል እንጂ ሞላውን አያጠነክርም፤ ስለዚህ ሞላው ራሱ ለክብደቴ ለስላሳ ነው ባይ ነኝ። ከእኔ ጋር 54 ላይ ሆኖ ብቻውን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ፣ ከባለ 110 እና ከባለ 120 ኒውተን ሞላ የትኛውን ልግጠም?