ከመፈረሟ በፊት፦ በዓረብ አገር የሞት ፍርድ ስለሚያሰጋቸው እህቶቻችን የምናዘጋጀው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ

ሰላም እናንተ። እሑድ በተስማማነው መሠረት ማኅበራችን ለመንግሥት የሚያስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እየተጻጻፍን እናብስለው። ጉዳያችን በዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆነው በነፍስ ግድያ የተከሰሱ፣ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው ወይም የሚያሰጋቸው ኢትዮጵያውያት ናቸው። ጽሑፉ ሲያልቅ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይገባል። የሞት ቅጣትን የሚቃወሙ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚያስቡት ቀን ኦክቶበር 10 ነው፣ በእኛ መስከረም 30። በ2021 እ.ኤ.አ. ቀኑ ሞት ለተፈረደባቸው ሴቶች ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ብናደርሰው ሰሚ ይበዛልናል።

ለመነሻ አንድ መስመር ጽፌያለሁ፦ «ማኅበሩ የደም ካሣ የሚከፈልበት ቋሚ ፈንድ ያቋቁም።» እንደፈለጋችሁ አርሙት።

ገንዘብ ያዡ

ልጄ፣ ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ቁጥሩን እንየው። ሳቲና የምትባል ኢንዶኔዥያዊት ሳዑዲ ውስጥ ሞት ተፈርዶባት ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ለሟች ቤተሰብ የተከፈለላት ካሣ 7 ሚሊዮን ሪያል ነው። መንግሥቷም ሕዝቡም ተረዳድቶ ነው የሞላው። እሷ አገሯ የገባችው ደግሞ ካሣው ከተከፈለ በኋላም ቆይታ ነው። የእኛን ካዝና የምይዘው እኔ ነኝ። ለአንዷ እንኳ ሩቡን አይሸፍንም።

ካሣ አያስፈልግም አላልኩም። እናት መጥታ በራችን ላይ ብታለቅስ ቤት ለቤት ዞረን እንለምናለን። ግን ያለችንን ጥቂት ብር እዚያ ላይ ብቻ ካሰርናት ሌላውን ሁሉ ባዶ እጃችንን ነው የምናየው።

ከጅዳ የተመለሰችው

እስከዛሬ ስብሰባ ላይ ያልተናገርኩት ነገር አለ። አሁን ልጻፈው።

ጅዳ 9 ዓመት ኖሬያለሁ። በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ሌሊት የማዳሜ ወንድም ቀስቅሶ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ። «ያገርሽ ልጅ ተይዛለች፣ አስተርጉሚላት» አለኝ። እኔ የማውቀው የኩሽና ዓረብኛ ነው። ሽንኩርት ላጪ፣ ልጁን እጠቢው፣ ነይ፣ ሂጂ። ከዚያ አያልፍም።

ልጅቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጫማ የላትም። ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትቀይራለች። የምታስታምማቸው አሮጊት ሞተዋል። ምን ሆኑ ብለው ሲጠይቋት «እጄ ላይ ሞቱብኝ» አለች። እኛ ይህን ቃል ስንሰማው ይገባናል። እቅፌ ውስጥ አረፉ፣ እየደገፍኳቸው ነፍሳቸው ወጣች ማለቷ ነው። እኔ ግን «ማተት ቢየዲ» አልኩ። በእጄ ሞተች። የሚጽፈው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈ።

ሲጨርሱ አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም ነክረው አስፈረሟት። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ እሷም አላነበበችውም፣ እኔም ማንበብ አልችልም። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

በማግስቱ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ዓረብኛዬ ከተስተካከለ በኋላ ነው፣ ሁለት ዓመት አልፎ። ልጅቷ የት እንደደረሰች አልሰማሁም። ስለዚህ እኔ የምለው አንድ ነው። ገንዘባችንም ጉልበታችንም የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ይዋል። ካሣ የሚለመነው ሁሉም ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

የደሴዋ

እታለም፣ አይዞሽ። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጠበቃዋ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከእንቅልፏ የተቀሰቀሰች ሠራተኛን አስተርጓሚ ያደረገው ጣቢያ ነው ጥፋተኛው። ፈቃድሽ ከሆነ ታሪኩ ያለ ስምና ያለ ቦታ የጽሑፋችን መግቢያ ይሁን።

ያልሽው በሌሎችም የደረሰ ነው። ስሪ ላንካዊቷ ሪዛና ናፊክ በ2005 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ገብታ ብዙም ሳትቆይ የ4 ወር ሕፃን ሞተባት። በጡጦ ሳጠባው ትን ብሎት ነው አለች። ቤተሰቡ አንቃ ገደለችው አለ። የመጀመሪያ ቃሏን የሰጠችው ያለ ጠበቃ ነው። ያስተረጎመላትም በሙያው የሠለጠነ ሰው አልነበረም። በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ብትልም ቃሏ አንዴ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። የልደት ምስክር ወረቀቷ ያን ጊዜ 17 ዓመቷ እንደነበረ ይናገራል፣ ፓስፖርቷ ግን 23 ይላል። ጃንዋሪ 9 ቀን 2013 በሰይፍ ተቀላች።

አሠራሩን ላልለመዳችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በሳዑዲ የተከሳሽ የእምነት ቃል ከባድ ማስረጃ ነው። ግድያው ቂሳስ፣ ማለትም ነፍስ ለነፍስ የሚጠየቅበት ከተባለ ውሳኔው በሟች ወራሾች እጅ ይወድቃል። ትገደል ሊሉ ይችላሉ፣ ካሣ ተቀብለው ሊተዉ ይችላሉ፣ በነጻም ይቅር ሊሉ ይችላሉ። መብቱ የእነሱ እንጂ የንጉሡ አይደለም። ከወራሾቹ አንዱ ሕፃን ከሆነ ደግሞ እስኪያድግ ይጠበቃል። ኢንዶኔዥያዊቷ ሲቲ ዘይነብ በ1999 እ.ኤ.አ. ታስራ የሟች ልጅ እስኪያድግ ከ15 ዓመት በላይ ጠበቀች። ልጁ አድጎ ይቅር አልልም አለ። ኤፕሪል 2015 ስትገደል መንግሥቷ አስቀድሞ አልተነገረውም ነበር።

የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የተያዘ የውጭ ዜጋ ቆንስላውን የማግኘት መብት እንዳለው ሳይዘገይ ይነገረው ይላል። ከጠየቀም ቆንስላው ይነገረዋል። «ከጠየቀ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። መብቱን የማታውቅ ልጅ አትጠይቅም።

ከኩዌት

እኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ፣ ማዳም ሳትነሳ ነው የምጽፈው። እዚህ ጃንዋሪ 25 ቀን 2017 ሰባት ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ኖቬምበር 16 ቀን 2022 ደግሞ ሌላ ሰባት። ሁለቱም ጊዜ ከሰባቱ አንዷ ኢትዮጵያዊት ናት። በሁለተኛው ቀን መናፈሻው ውስጥ ልጆች የምንጠብቅ አበሾች ተሰብስበን ነበር። ማናችንም ስሟን አናውቅም። የየት አገር ልጅ እንደሆነች እንኳ የሚነግረን አጣን። አንዷ «ቢያንስ ስሟን አውቀን ሻማ እናብራላት» አለች።

አንድ ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ ይግባልኝ። የሞተ ሰው አለ። ሕፃን የሞተባት እናት አለች። ሁሉም ልጆቻችን ንጹሕ ናቸው ብለን ከጻፍን ማንም አያምነንም፣ ደግሞም እውነት አይደለም። እኔ የማሳድጋቸውን ልጆች እወዳቸዋለሁ፣ አንዱ ቢጎዳብኝ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ያጠፋችም ብትኖር በሚገባት ቋንቋ ትጠየቅ፣ አትገደል። እንዲህ ብለን እንጻፍ።

ጠበቃዋ

ከዚህ የተሻለ መግለጫ እኔም አልጽፍም። እንዳለ ይግባ።

ከሜሪላንድ

ለምን ጮክ አንልም? እዚህ ሰልፍ መውጣት እንችላለን። ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው ያየዋል። ፊሊፒኖች እኮ የሰው ቁጣ ነው የሠራላቸው። የቤት ሠራተኛዋ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን ማርች 17 ቀን 1995 ሲንጋፖር ውስጥ ስትሰቀል አገሩ በሙሉ ተነሣ። በዚያው ዓመት ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ሪፐብሊክ አክት 8042 የሚባል ሕግ ወጣ።

ገንዘብ ያዡ

ልክ ነሽ፣ መንግሥት ላይ መጮህ ይሠራል። የሟች ቤተሰብ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

እኛም አገር ድሮ ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ወገኑ ይገድላል ወይም የደም ዋጋ ተቀብሎ ይተዋል። ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ አባቴ ጋር ሆኜ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ የሟች ቤት ደጃፍ በሌሊት ይሄዳሉ፣ ድንጋይ ተሸክመው ይቆማሉ። ግቡ እስኪባሉ አይገቡም። አንዳንዴ ሦስት ቀን ይመላለሳሉ። በገበያ መካከል «ይቅር በሉ» ብሎ የሚጮህ ሽማግሌ አላየሁም። ሰው ፊት የተጠየቀ ሰው እልህ ይይዘዋል። ዓረቡም ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። ነገሩ ክብር ያለው ነው።

ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ ገብቶኛል። እንግዲያው እንዲህ እንበል፦ የተከሳሿ ቤተሰብና ጠበቃዋ ሳይፈቅዱ የማንንም ስምና ፎቶ አደባባይ አናወጣም። የመንግሥትን ቸልታ ግን በአደባባይ እንጠይቃለን።

ጸሐፊዋ

ተስማምተናል፣ ጽፌዋለሁ። የፊሊፒኖቹን ሕግ ግን ብትዘረዝሩልኝ?

ጠበቃዋ

ለእኛ የሚጠቅመው አንቀጽ የሕግ ድጋፍ ፈንዱ ነው። ሲቋቋም 100 ሚሊዮን ፔሶ ተመደበለት። ገንዘቡ ለጠበቃና ለፍርድ ቤት ወጪ የሚውል ነው። በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸውም የስደተኞችን የሕግ ጉዳይ ብቻ የሚከታተል ኃላፊ ተሾመ። እኛ አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለን፣ በ1246/2013 ተሻሽሏል። ስለ ኤጀንሲ ዋስትና፣ ስለ ሁለትዮሽ ስምምነት ብዙ ይላል። እኛ የምንጠይቀው ደግሞ ቋሚ የወንጀል ጠበቃ ውል ነው። በየከተማው ኤምባሲው ወይም ቆንስላው በወር የሚከፍለው፣ ስልክ ሲደወልለት በዚያው ሌሊት የሚነሳ ያገሩ ጠበቃ።

የደሴዋ

የእኔ ሐሳብ ከወዲህ በኩል ነው። የታሰረች ልጅ እናት ጎረቤቴ ናቸው። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዞራሉ። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ነው። ልጃቸው ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። እናም ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዝናብም ቢሆን። የልጅቷን ዕድሜ ስጠይቃቸው «የተወለደችው ትልቁ በሬያችን በሞተ ዓመት ነው» አሉኝ። ፓስፖርቷ ላይ ደላላው የጻፈው ሌላ ነው።

ስለዚህ እኔ ማስረጃ ልሰብስብ። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል መዝገብ። እስላሞቹም ዘንድ ትምህርት ቤቱ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ። ሪዛና የልደት ወረቀት ነበራት፣ አልሰሙላትም እንጂ። የእኛዎቹ ወረቀቱም የላቸውም። ልጅቷ ከተያዘች በኋላ ሳይሆን ከመሄዷ በፊት ቀበሌው ይያዘው።

ጠበቃዋ

ይህ ወርቅ የሆነ ሐሳብ ነው። ራሱን የቻለ ክፍል ይሁን።

ከቤይሩት

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኛ አገርም የሞት ቅጣት በወንጀል ሕጉ አለ እኮ። ለራሳችን ይዘን ሌላውን ተዉ ስንል ምን ይሉናል?

ጠበቃዋ

ጥያቄሽ ትክክል ነው። ኢንዶኔዥያም በዚሁ ተወቅሳለች። ሳዑዲ ውስጥ ለዜጎቿ ስትለምን በአገሯ ሜሪ ጄን ቬሎሶ የምትባል ፊሊፒናዊት ልትገድል ነበር። ኤፕሪል 2015 ለጥቂት ተረፈች፣ አገሯ የገባችው በዲሴምበር 2024 ነው። በእኛ አገር ለመጨረሻ ጊዜ ቅጣቱ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «በተግባር የቆመው በሕግም ይቁም» የሚል አንድ አንቀጽ እናክል። የእኔ እምነት ነው። ካልተስማማችሁ ድምፅ ይሰጥበት።

ገንዘብ ያዡ

እኔ እስማማለሁ። ድምፁ እሑድ ይሁን።

ጸሐፊዋ

እንግዲህ የመጀመሪያዋን መስመሬን ሰርዤ ይኼን ተክቻለሁ፦

«አንዲት ኢትዮጵያዊት በከባድ ወንጀል ስትያዝ ቃሏን ከመስጠቷና ከመፈረሟ በፊት በምትናገረው ቋንቋ የሚያስተረጉም ብቁ ሰውና ጠበቃ እንዲደርሱላት፤ ለዚህም መንግሥት ቋሚ በጀት እንዲይዝ፤ ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ይህ መብት በቃል እስኪያዝ እንዲነገር።»

የማኅበሩን ድርሻ በተመለከተ የሌሊት ስልክ እንያዝ። አዲስ አበባ፣ ሪያድና ኩዌት ሰዓታችን አንድ ነው። እነሱ ሌሊት ሲሆኑ እኛም እንተኛለን። ሜሪላንድ ግን ያን ጊዜ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እናንተ ሌሊቱን ብትይዙልን?

ከሜሪላንድ

እንይዛለን። እኔ ሰኞና ረቡዕ ነፃ ነኝ። ሌላ ሁለት ሰው አገኛለሁ።

ጠበቃዋ

ልብ በሉ፣ ፖሊስ ስልካችንን ላይቀበል ይችላል። የስልኩ ሥራ ኤምባሲውንና ጠበቃውን በዚያው ሌሊት መቀስቀስ ነው። ልጅቷ ራሷ የምትይዘው ነገር ደግሞ ያስፈልጋል።

ከጅዳ የተመለሰችው

እሱን እኔ አስቤዋለሁ። ትንሽ ካርድ፣ ከኢቃማዋ፣ ከመኖሪያ ፈቃዷ ጋር የምትይዘው። ካርዱን ቢወስዱባትም አፏ ላይ እንዲኖር አጭር ይሁን። ዓረብኛው በእኛ ፊደል ይጻፍ፦ «አብጋ ሙተርጂም። ማ አወቂዕ ቢዱን ሙተርጂም።» አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ያለ አስተርጓሚ አልፈርምም። በድምፅም እቀዳዋለሁ፣ በኢሞ ይላክ።

የደሴዋ

አማርኛ የማይችሉ ብዙ አሉ። በእኛ በኩል ከሚሄዱት ግማሾቹ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት። አስተርጓሚ ስትል በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ካላለች አማርኛ ያመጡላታል።

ከጅዳ የተመለሰችው

እውነትሽን ነው። ያቺም ልጅ እኮ አማርኛዋ ይሰባበር ነበር። እንግዲያው ካርዱ ሁለት ይሁን፣ አንዱ «ሙተርጂም አምሃሪ»፣ አንዱ «ሙተርጂም ኦሮሞ» የሚል። ትግርኛውንም የሚያስተካክል ሰው ፈልጉልኝ። የአማርኛውን ዛሬ ማታ ቀድቼ እልካለሁ።