ከአውሎ ነፋስ በኋላ ጀነሬተር የሚጠየቀው ከማን ነው? የቴክሳስን አሠራር የሚያውቅ ይርዳን

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ (ሂዩስተን)

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን ወደ 90 የሚጠጉ ቤተሰቦች ያሉት እድር ጸሐፊ ነኝ። ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2024 ሲመታን በአካባቢው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ከአባሎቻችን መካከል በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሱ ሁለት እናቶች አሉ። ጀነሬተር ፍለጋ ያልደወልኩበት ቦታ የለም። አንዱ መሥሪያ ቤት «ካውንቲያችሁን ጠይቁ» አለኝ፤ ሌላው «የምትኖሩት ከተማው ውስጥ ስለሆነ ከተማውን ጠይቁ» አለኝ፤ በሦስተኛው ዘንድ ደግሞ ሙዚቃ ሳዳምጥ ዋልኩ። በመጨረሻ የአንድ አባላችን ወንድም ከሳን አንቶኒዮ ጀነሬተር ጭኖ ደረሰልን።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ጁን 1 ይገባል፤ ዘንድሮም እንደዚያው መሯሯጥ አልፈልግም። ገዥው በቴሌቪዥን «የአደጋ አዋጅ አውጄአለሁ» ሲሉ መሬት ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው? እርዳታው ከማን ተነሥቶ በማን በኩል ይመጣል? እኛስ የቱ ጋ ብንቆም እንሰማለን? አንድ ሰው «ካውንቲ ጃጁን ጠይቁ» ሲለኝ ፍርድ ቤት ልንሄድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መልስ፦ የመጋዘኑ ሰው

ወንድሜ፣ ያሳቀህ ነገር ነው ዋናው መልስ። እኔ በአንድ ካውንቲ የአደጋ ጊዜ ማስተባበሪያ ውስጥ የዕቃ አቅርቦት ላይ እሠራለሁ። በቴክሳስ ካውንቲ ጃጅ የሚባለው ስሙ ዳኛ ይሁን እንጂ የካውንቲው የበላይ አስተዳዳሪ ነው። በ1975 የወጣው የስቴቱ የአደጋ ሕግ ካውንቲ ጃጁንና ከንቲባውን በየግዛታቸው የአደጋ ጊዜ ሥራ ኃላፊ ያደርጋቸዋል። አደጋ ያውጃሉ፤ ሕዝቡ አካባቢውን ለቆ እንዲወጣ ማዘዝም ይችላሉ። አዋጃቸው 7 ቀን ይጸናል፤ እንዲራዘም የአካባቢው ምክር ቤት መስማማት አለበት። የገዥው አዋጅ 30 ቀን ይቆያል፤ ገዥው ሊያድሰው ይችላል።

አሁን ወደ ጀነሬተርህ ልምጣ። ኦስቲን ያለው የስቴቱ የኦፕሬሽን ማዕከል አንተን አያውቅህም፤ የሚያውቀው 254 ካውንቲዎችን ነው። ከተማው የራሱን ሲጨርስና ጎረቤቶቹን ጠይቆ ሲያጣ ወደ ካውንቲው ይዞራል። ካውንቲው ሲያቅተው «ስታር» የምንለውን የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ጥቂት ካውንቲዎችን ለሚያቅፈው የስቴቱ አደጋ ዲስትሪክት ይልካል። እዚያም ያልተገኘው ኦስቲን ይደርሳል። ስለዚህ «ካውንቲያችሁን ጠይቁ» ያለህ ሰው አላባረረህም፤ ያጠፋው የትኛውን በር፣ በምን ቁጥር ብሎ አለመንገሩ ነው።

ማዕከሉን የሚመራው የቴክሳስ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ድሮ በሕዝብ ደኅንነት መምሪያ ሥር ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ግን በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ሥር ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። በአዳራሹ ውስጥ የመንገዱ፣ የጤናው፣ የብሔራዊ ዘቡ፣ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪው፣ የቀይ መስቀሉ ተወካይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ውኃ የጫነ መኪና ድልድይ ዘግቶት ሲቆም የመንገዱ ሰው ከአጠገብህ ነው፤ ደብዳቤ አትጽፍለትም።

አንድ ምክር ልጨምር። ጥያቄ ስታቀርብ የዕቃውን ስም ብቻ አትጥራ። «ጀነሬተር ስጡን» የሚለው ጥያቄ ስልክ ወደሚያስደውል ሌላ ጥያቄ ይመራል፤ ምን ያህል ኃይል፣ ለስንት ሰዓት፣ ነዳጁን ማን ይቀዳል? «በዚህ አድራሻ በኦክስጅን መሣሪያ ያሉ 2 ሰዎች ለ72 ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋቸዋል» ብትል ግን ምናልባት መልሱ ጀነሬተር ሳይሆን አምቡላንስና መብራት ያለው መጠለያ ይሆናል፤ እርሱም በአንድ ሰዓት ሊደርስልህ ይችላል።

የእድር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደገባኝ ከሆነ እንደ አገራችን ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል መሆኑ ነው?

የመጋዘኑ ሰው

ጥያቄው ወደ ላይ ሲወጣ ይመስላል፤ ትእዛዝ ወደ ታች በመውረዱ ግን አይመስልም። እዚህ ካውንቲ ጃጁም ከንቲባውም በሕዝብ የተመረጡ ናቸውና ስቴቱ በተለመደው አሠራር ሊያግዛቸው እንጂ ቦታቸውን ሊይዝ አይመጣም። ካልጠየቁት ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም። የዘገየ ካውንቲ ሕዝቡን ያዘገያል የምለው ለዚህ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው ሾፌር

ከላይ የተባለው እውነት ነው፤ እኔ ከመሪው ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ልጨምር። በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታን ውኃና ምግብ ጭኜ ነበር። ኔደርላንድ በምትባለው ከተማ አጠገብ የወረደው ዝናብ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ አዲስ አበባ ላይ ከሚጥለው ይበልጣል። ያኔ ብዙ ሰው «ለምን ሂዩስተንን ልቀቁ አልተባለም?» ብሎ ከንቲባውንና ካውንቲ ጃጁን ይረግም ነበር። እኔ ግን በ2005 ሪታ የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ወጥተው አውራ ጎዳናው ቆመ፣ ነዳጅ አለቀ፣ ሙቀቱ ሰው ገደለ፤ ሽማግሌዎች የጫነ አውቶቡስም ተቃጠለ። በመውጣቱ ብቻ ወደ 100 ሰው ሞቷል። ስለዚህ «ውጡ» የሚለው ትእዛዝ ካልመጣ ተረስታችሁ ላይሆን ይችላል። ከመጣ ግን አትከራከሩ፤ ከባሕሩ አጠገብ ያለው ሰው ቀድሞ እንዲወጣ የውስጡ ሰው መንገዱን መልቀቅ አለበት።

ሌላው የገዥው ፊርማ ነገር ነው። ቤሪል የመጣ ዕለት ገዥው እስያ ጉዞ ላይ ስለነበሩ ተጠባባቂ ገዥ የነበሩት ምክትላቸው ዳን ፓትሪክ ናቸው የፕሬዚዳንቱን አዋጅ የጠየቁት። የፌዴራሉ ካዝና የሚከፈተው ገዥው ሲጠይቅና ፕሬዚዳንቱ ሲያውጁ ነው፤ ከንቲባ ለዋሽንግተን ቢጽፍ ዋጋ የለውም።

መልስ፦ ነርሷ

ለሁለቱ እናቶች ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር አለ፤ አውሎ ነፋስ አይጠበቅም። 2-1-1 ደውሉና «ስቲር» በሚባለው የስቴቱ የእርዳታ ፈላጊዎች መዝገብ ላይ አስመዝግቧቸው። መብራት ሲጠፋ ሕክምናው የሚቋረጥበት፣ መራመድ የማይችል፣ መኪና የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ሁሉ መመዝገብ ይችላል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያቀርባሉ። መዝገቡ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። መመዝገብ ብቻውን መኪና በራቸው ላይ እንደሚቆም ዋስትና አይሰጥም፤ ሁሉም ከተማ መዝገቡን እኩል አይጠቀምበትም። ቢሆንም ስማቸው ከነሕመማቸው በአካባቢው አስተባባሪዎች እጅ ይገባል።

ሁለተኛው ሐኪማቸው የሚፈርመው ቅጽ ነው። በመብራት የሚሠራ መሣሪያ ሕይወቱን የያዘለት ሰው መስመሩን በሚያስተዳድረው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ዘንድ ልዩ ደንበኛ ተብሎ ይመዘገባል። ይህም መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። እትዬዎቹ ቤት መለዋወጫ የኦክስጅን ሲሊንደር መኖሩን አንተው ራስህ ሄደህ እይ፤ በስልክ ብትጠይቃቸው «አለ፣ አለ» ነው የሚሉህ።

ጀነሬተሩን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሡት፤ በሩ ቢከፈትም። ከአውሎ ነፋስ በኋላ በጭሱ የታፈነ ቤተሰብ ተቀብለን እናውቃለን።

መልስ፦ ከዳላስ

ይቅርታ፣ ትንሽ ላፍርስ። በፌብሩዋሪ 2021 በነበረው ብርድ ስቴቱ በሙሉ ተመታ፤ 4.5 ሚሊዮን የሚሆን ቤት መብራት አጣ፤ በስቴቱ ቆጠራ 246 ሰው ሞተ። አዋጁ የሸፈነው 254ቱንም ካውንቲ ነበር። ሁሉም ከተጎዳ የትኛው ጎረቤት ነው የሚያበድረው? እኛ ያን ሳምንት የተረፍነው በቅጽ አይደለም፤ ጋዝ ምድጃ ያለው ቤት አምስት ቤተሰብ አስጠግቶ ነው።

የመጋዘኑ ሰው

ልክ ነህ፤ አልከራከርህም። ሥርዓቱ የተሠራው አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲያነሣው ነው፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ከወደቀ ይንገዳገዳል። ያኔ የሚቀረው ከሌላ ስቴት መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ኮንግረሱ በ1996 ያጸደቀው የስቴቶች የመረዳጃ ውል አለ። ሆኖም ያ ቀናት ይፈጃል። የመጀመሪያውን 72 ሰዓት በራሳችሁ እለፉ የምንለው ከልባችን ነው።

መልስ፦ የደብሩ ገንዘብ ያዥ

ሁላችሁም ስለ አደጋው ቀን ተናገራችሁ፤ ገንዘቡ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊ ሆይ፣ ሁለት ነገር ያዝልኝ።

ቤታችሁ ሲጎዳ «አይስታት» በተባለው የስቴቱ የድረ ገጽ መጠይቅ ላይ ጉዳቱን ከነፎቶው አስመዝግቡ። እኛ ሰዎች «ከእኔ የባሰ አለ» ብለን ዝም እንላለን። ገዥው ፕሬዚዳንቱን ሲጠይቁ የሚያቀርቡት የጉዳት ቆጠራ ነው፤ ዝም ያለ ሰፈር እንዳልተጎዳ ይቆጠራል። ይህ መጠይቅ ግን የገንዘብ ማመልከቻ አይደለም፤ አዋጁ ወጥቶ ካውንቲያችሁ ከተካተተ ለፌማ፣ ማለትም ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ 1-800-621-3362 ነው። ኢንሹራንስ ያለው መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ይጠይቅ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። አውሎ ነፋሱ ባሕር ላይ ታየ ከተባለ በኋላ መግዛት ዘይት ፈልቶ ምጣድ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው የጉልበታችሁ ሒሳብ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለከተማና ለካውንቲ የወጣውን የአደጋ ወጪ ቢያንስ 75 በመቶ ይሸፍናል፤ ቀሪውን አካባቢው ይከፍላል። በጎ ፈቃደኞች ለሕዝብ ያዋሉት ሰዓት በገንዘብ ተተምኖ ከዚያ ቀሪ ላይ ሊታሰብ ይችላል። የእኛ ሴቶች በሃርቪ ጊዜ ስንት ቀን መጠለያ ውስጥ ሲያበስሉ ሰነበቱ! ማንም አልጻፈውም። ካውንቲው ያንን ወረቀት ቢያገኝ ስማችንን ያውቅ ነበር።

የእድር ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመጋዘኑ ሰው ምክር ወደ ከተማው የአደጋ ጊዜ ቢሮ ደወልኩ፤ ችግር ሳይኖር ሲደወል ሰው ያነሣል ለካ። ወይዘሮዋ ያለንን ጠየቀችኝ፣ የምንፈልገውን አይደለም። 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ትልቅ ወጥ ቤት፣ አማርኛና ትግርኛ የሚያስተረጉሙ 11 ሰዎች አልኳት። «አስተርጓሚዎቹን እንፈልጋለን» ብላ ማክሰኞ ቀጠረችኝ። ከቀጠሮው በፊት የሰዓት መመዝገቢያውን ላዘጋጅ ነው፤ ምን ምን ይጻፍበት?

የደብሩ ገንዘብ ያዥ

ሙሉ ስም፣ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የሠራው ሥራ፣ ፊርማ። «እርዳታ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ለ60 ሰው ምሳ አበሰለች»፣ «ከፍሳሽ ቦይ ዛፍ ቆርጦ አነሣ» በሉ። የራሳቸውን መኪና ወይም መጋዝ ከተጠቀሙ እርሱንም ከነሰዓቱ አስፍሩት።

ነርሷ

የእናቶቹንስ ሲሊንደር አየኸው?

የእድር ጸሐፊ

አየሁት። አንደኛዋ ዘንድ ሁለት አለ። ሌላዋ ዘንድ ያለው ባዶ ነው፤ ነገ ጠዋት ሐኪማቸው ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ቅጹንም ይዣለሁ።