ማሞግራሙ ንጹሕ ከሆነ አልትራሳውንድ ለምን ይጨመራል?

ጥያቄ፦
ዕድሜዬ 46 ነው። የመጀመሪያ ማሞግራሜን (የጡት ራጅ) ተነሥቼ የተሰጠኝ ወረቀት «አጠራጣሪ ነገር አልታየም» ካለ በኋላ፣ ጡቴ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ አልትራሳውንድ ቢጨመር እንደሚመረጥ ይገልጻል። በእጄ ስዳስሰው ጠጣር ነገር አይሰማኝም። ባለ ሦስት ገጽታ የሚባለው ማሞግራምስ ይበቃኝ ይሆን?

ምላሽ (የራጅ ባለሙያ)፦
ጥቅጥቅነት የሚታወቀው በዳሰሳ ሳይሆን በራጅ ነው። በምስሉ ላይ ስብ ጠቆር ብሎ ሲወጣ ወተት አመንጪውና ደጋፊው ክፍል ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቅጥቅ የሚባለው ይህ ነጩ ክፍል የበዛበት ጡት ነው። ችግሩ ካንሰርም ነጭ መሆኑ ነው። ስለዚህ «አልታየም» ማለት በእርስዎ ሁኔታ «የለም» ማለት አይደለም። የተለመደው ማሞግራም እያንዳንዱን ጡት አንዴ ከላይ፣ አንዴ በሰያፍ ስለሚያነሣው በተለያየ ጥልቀት ያለው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይደራረባል። በአሜሪካ በ2011 የተፈቀደው ባለ ሦስት ገጽታው፣ ማለትም ቶሞሲንተሲስ፣ የራጅ ቱቦው በቅስት እየዞረ ብዙ ምስሎችን ካነሣ በኋላ ኮምፒውተሩ ጡቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ ንብርብር እንዲገለጥ ያደርገዋል። መደራረቡን ይቀንሳል፤ ነጭን ከነጭ ግን ሙሉ በሙሉ አይለይም። በአልትራሳውንድ አብዛኛው ካንሰር ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ነው የተመከረልዎ። ይህም ሆኖ ማሞግራሙን አይተካውም፤ አንዳንዴ የመጀመሪያ ምልክት የሚሆኑትን፣ የአሸዋ ቅንጣት የመሰሉ የካልሲየም ነጠብጣቦች አጥርቶ የሚያሳየው ማሞግራሙ ነው። (ዲዮድራንት ተቀብታችሁ አትምጡ የምንለውም በውስጡ ያለው አሉሚኒየም እነዚህኑ ስለሚመስል ነው።)

ምላሽ (ተመርማሪ)፦
እህቴ፣ አልትራሳውንዱን ተነሺው፤ ነገር ግን ካንሰር ያልሆኑ ብዙ ነገሮችንም እንደሚያሳይና አንዳንዴ በመርፌ ናሙና እስከ መውሰድ እንደሚያደርስ አስቀድመሽ ዕወቂ። እኔ ከማሞግራም በኋላ ተመልሼ ስጠራ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አጠራጣሪው ቦታ ብቻ በትንሽ ሳህን ጠበቅ ተደርጎ ተጭኖ በድጋሚ ሲነሣ ጥላው ተበተነ፤ ለካ ጤነኛ ክፍሎች ተደራርበው ኖሯል። መጫኑ ያማል፤ የሚቆየው ግን ጥቂት ሰከንድ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ኤምአርአይስ (በማግኔት የሚነሣው ምስል) አያስፈልገኝም?

ምላሽ (የራጅ ባለሙያ)፦
ኤምአርአይ በዋናነት የሚታዘዘው ከፍተኛ ተጋላጭነት ላላቸው፣ ለምሳሌ ብራካ በሚባሉት ጂኖች ላይ ለውጥ ለተገኘባቸው ሴቶች ነው። እናትዎ ወይም እህትዎ የጡት ካንሰር ይዟቸው ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የማሞግራምዎን ሲዲ ግን አይጣሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንባቢው ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው የቀድሞውን ምስል ነው።