ትንንሽ ልጆች ይዘን ደብረ ብርሃንና አንኮበር፦ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

የሦስት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። በጥር መጨረሻ፣ ልጆቹ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ ወደ ሰሜን ሸዋ ልንወስዳቸው አስበናል። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛዋ አራት፣ ትንሹ ገና መራመድ መጀመሩ ነው። ባለቤቴ ያደገው አባቱ የአንኮበርን ወሬ ሲያወሩ እየሰማ ነው። «ልጆቼ የምኒልክን አገር በዓይናቸው ይዩልኝ» ይላል። ዕቅዱ ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን አንጎለላን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና አንኮበርን ማዳረስ፣ እሁድ ደግሞ ጣርማበርን አይተን መመለስ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ማለቃቸው ነው። ሁለተኛዋ ጠመዝማዛ መንገድ አይስማማትም፣ ያስመልሳታል። ብርዱስ ለትንሹ እንዴት ነው? ማደሪያ የት ይሻላል? ልጅ ይዞ የሄደ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የአንኮበር ልጅ

እህቴ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት አንኮበር ነው፤ አሁን ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ዘመድ በመጣ ቁጥር ልጆቹን ይዤ የምወጣው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄሽን በደንብ ልመልስልሽ።

ጣርማበርን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በደብረ ሲና በኩል ነው፤ አንኮበር ደግሞ ሌላ አቅጣጫ። ሁለቱን ማጋጨት ልጆቹን ማድከም ነው። ቅዳሜን ለደብረ ብርሃን፣ እሁድን ለአንኮበር ስጡ። በቃ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከተማው ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ትንሹ የመጀመሪያው ቀን ቢነጫነጭ አትደንግጪ፣ አየሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ሥላሴን አሳዩአቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ ነው። የዛሬው ሕንፃ የያኔው አይደለም፤ ለልጆቹ ግን የብርሃኑ ታሪክ ይበቃቸዋል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ይንጠራሩበት። ከዚያ በጊዜ ራት በልተው ይተኙ። ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲና ጋቢ ሳትይዙ እንዳትመጡ።

እሁድ ጠዋት አንኮበር። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ ላይ ሜዳው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ካያችሁ መኪናውን ዳር አስይዙና ሞተሩን አጥፉ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ ሣር ነው። ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ እፍኙን ሲሞላ ታያላችሁ፣ ሣሩ ሲበጠስም ይሰማል። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ለልጆቹ አሳዩአቸው። ብስኩት ግን በፍጹም አትስጡ። ምግብ የለመደ ጭላዳ መኪና መከተል ይጀምራል፣ ለእሱም ለልጅም አደጋ ነው።

ከጎረቤላ ከተማ አለፍ ብሎ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አለ። መውጫው በእግር ነው፣ ዳገት ነው። የሰባት ዓመቱ ይወጣዋል፣ አራት ዓመቷ እያረፈች፣ ትንሹን በአንቀልባ። ጋሪ አይሆንም። አናቱ ላይ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ስባሪ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚቸገረው፤ ልጁ «ቤተ መንግሥቱስ የታለ?» ይላል። ስለዚህ ታሪኩን ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩት። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ፣ ገና ልጅ ሳሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። አድገው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ገቡ። ልጅሽ ይህን ሰምቶ ከወጣ ያቺን ግንብ ማየት ብቻ ሳይሆን መንካት ይፈልጋል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዙሩት። ቁልቁል የሚታየው ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ ነው። አልዩ አምባ በዚያ በኩል ነው፤ በግመል ቅፍለት የሚጓዝ ነጋዴ ከቆላ ጨው ይዞ የሚመጣበት የድሮ ገበያ። የምኒልክን አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ሊያዩ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞችም በአውሮፓውያን 1841 ከታጁራ ተነስተው በረሃውን አቋርጠው በዚሁ በኩል ነው የወጡት። ልጅ ግመልና ገደል ሲሰማ ጆሮውን ይሰጣል። እኔ ታሪክን የወደድኩት አባቴ እዚያው ቆመው በጣታቸው እያሳዩ ሲያወሩኝ ነው። ለዚህ ነው አንኮበርን ለልጅ በጥድፊያ አታሳዩ የምለው።

አንጎለላ ሲመለሱ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ልጆቹ ከተኙ እለፉት።

የመንገድ ሰው

በዚህ መስመር የምሠራ ሹፌር ነኝ። ለሚያስመልሳት ልጅ፦ ጠዋት ወተት አትስጧት፣ ደረቅ ዳቦ ትብላ። መስኮቱን ትንሽ ክፈቱላት፣ ስልክ አታሲዟት፣ ወደ ፊት ትይ። ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ጉም ከያዘው ደግሞ አትቸኩሉ፤ ደብረ ብርሃን ቁርሳችሁን ብሉና እስኪገለጥ ጠብቁ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ እዚያ ላለ ዘመድ ደውሉ፤ ከመሸም አትጓዙ።

እማማ ዘነበች ቤት ያደገች

እኔ ከወንድማችን የምለይበት አንድ ነገር አለ። ማደሪያውን አንኮበር አድርጉት። ኮረብታው ላይ፣ የምኒልክ ግቢ በነበረበት ቦታ ሎጅ አለ። ንጋት ላይ ፀሐይዋ ከቆላው ስትወጣ ማየት ሌላ ነው፤ የእኔ ልጆች እስካሁን ያነሱታል።

የአንኮበር ልጅ

ንጋቱስ እውነትሽን ነው፣ እኔም አልክደውም። ትልልቅ ልጆች ቢሆኑ እዚያው እደሩ እል ነበር። ነገር ግን ሕፃን ታቅፎ፣ ሻንጣና ዳይፐር ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ይከብዳል። ሌሊት ትንሹን ቢያተኩሰው ደግሞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታልም ፋርማሲም ቅርብ ነው። ለዚህ ቤተሰብ ደብረ ብርሃን ይሻላል።

የሦስት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ አነበብኩለት። ጣርማበርን ትቷል፣ አንጎለላን ግን «የተወለዱበትን ሳላሳይ አልመለስም» ብሏል። በመመለሻችን እናየዋለን። ማደሪያችን ደብረ ብርሃን ሆነ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለትንሹ ምግብ ከቤት ልያዝ?

የአንኮበር ልጅ

ለመንገዱ የለመደውን ያዢለት። ጠዋት ግን የገብስ ገንፎ ጠይቂ፤ የእኛ አገር ገብስ ነው፣ ሆዱን ያሞቀዋል። በርበሬ እንዳይነካው ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ቅቤውንም ለብቻው ያምጡልሽ። ባለቤትሽም አንጎለላን ያሳይ፣ ደግ አድርጓል። ብቻ ከቀትር በፊት ከአንኮበር ተነሱ፣ አለዚያ አንጎለላን አይታችሁ አዲስ አበባ ሳትደርሱ ይመሽባችኋል።