ሳውንድ ካርድ ስሰካ ኮምፒውተሩ ይደርቃል፤ ለነገ ቀረጻ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ደሴ፣ ፒያሳ)
እንደምን አመሻችሁ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ልግባ። ሳውንድ ካርዴን (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን የድምፅ ዕቃ) በዩኤስቢ ስሰካ ኮምፒውተሩ ጥቂት ይሠራና ቀጥ ብሎ ይደርቃል፤ ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ የመቅረጫ ፕሮግራሙ ኪዩቤዝ ትእዛዝ አይቀበልም፣ ድምፁም ይቋረጣል። ለኮንደንሰር ማይኩ ኃይል የሚሰጠውን የ48 ቮልት ቁልፍ ስጫን ደግሞ ጥቂት እንኳ ሳይቆይ ወዲያውኑ ነው የሚደርቀው። ያለኝ አማራጭ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማጥፋት ብቻ ሆኗል። ድራይቨሩን (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ፤ ለውጥ የለም። ነገ ጠዋት ድምፃዊቷ ከኮምቦልቻ ትመጣለች፤ ሥራው ለሰርግ የሚደርስ በመሆኑ ቀጠሮውን ማዛወር አልችልም። ሳውንድ ካርዱን ጥዬ ሌላ ልፈልግ ወይስ መፍትሔ አለው?

የሐረጎ ልጅ
ወንድሜ፣ ያለውን ድራይቨር ያጥፉና አዲሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑት። ከዚያ በኋላ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት ነው ማድረግ ያለብዎት። በዊንዶውስ 10 እና 11 ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አያጸዳውም፤ የሲስተሙን እምብርትና የድራይቨሮቹን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲከፈት መልሶ ስለሚያነሳው የቀድሞው ችግር አብሮ ይመለሳል።

ጋሽ ቮልት
ደጋግሜ የምናገረውን አሁንም ልናገር፤ የዚህ ሁሉ ምንጭ የመብራቱ ጥራት ነው። መስመራችን 220 ቮልት መሆን ሲገባው ማታ ላይ ሰፈሩ በሙሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲያበራ ይወርዳል፤ ከዚያም ድንገት ከፍ ይላል። ስታብላይዘር ሳይኖረው ስቱዲዮ የሚከፍት ሰው በሬ ሳይኖረው ለእርሻ እንደወጣ ይቆጠራል። ዲቫይደሩ የመሬት ሽቦ ያለው መሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዛሬ በገበያ ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ መልካቸው ባለ መሬት ሽቦ ሆኖ ውስጣቸው ሲፈታ ሽቦው የለም። ወጣቶች ለማይክ ገንዘብ አትሰስቱም፤ ለመብራቱ ሲሆን ግን ትሰስታላችሁ።

ባለ ማሲንቆ
ማሲንቆ ድራይቨር አይጠይቅም፣ የዩኤስቢ ቀዳዳም የለውም። አምባሰልና ባቲ ከነስማቸው የወጡት ከዚሁ ከወሎ ምድር ሲሆን አንዳቸውም በዜማ መሐል ሪስታርት ተደርገው አያውቁም። ይቅርታ ወንድሜ፣ ቀልድ ነው። አብሽሩ፣ ለነገ ይደርሳል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ይቅርታ ይደረግልኝና ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ደረቀ ያሉት ማውሱ ስላልተንቀሳቀሰ ነው፤ የማውስ መቆም ግን ኮምፒውተሩ መድረቁን አያረጋግጥም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም የማብሪያውን ቁልፍ ከመያዝዎ በፊት በጽሕፈት ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ይጫኑና ትንሿን መብራት ይመልከቱ። ከበራችና ከጠፋች ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ፍንክች ካላለች እርስዎ እንዳሉት ደርቋል። ከሳውንድ ካርዱ ሌላ ምን ምን እንደተሰካና የት እንደተሰካም ይንገሩን።

ጠያቂ
ወንድሜ፣ እኔ የምጠይቀው ስለ ሳውንድ ካርዱ ነው፤ ካፕስ ሎክ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሌላ የተሰካ ነገር የለም። ያሉት የተለመዱት ብቻ ናቸው፤ የሙዚቃ ኪቦርዱ፣ ሳምፕሎቹ (ለዘፈን የምጠቀምባቸው የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች) ያሉበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ማውሱ። ዴስክቶፑ ከኋላ ካሉት ቀዳዳዎች የሚሠሩት ሦስት ብቻ ስለሆኑ አንዱን የጽሕፈት ኪቦርዱ፣ አንዱን ፕሪንተሩ ይዞታል፤ የቀሩትን ሳውንድ ካርዱን ጨምሮ በአንድ ሀብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ በሚያበዛ ማከፋፈያ) ላይ ሰክቻቸዋለሁ።

ሰላም ለሁሉ
ድራይቨሩን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት። እኔ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኝ በዚህ ተስተካክሏል።

ጠያቂ
ጭኛለሁ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
የተለመዱት ብለው ያለፏቸው ነገሮች ናቸው መልሱን የያዙት። ሀብዎ የራሱ አዳፕተር ከሌለው አራቱም ዕቃዎች የሚጠጡት ከአንድ የኮምፒውተር ቀዳዳ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልትና ቢበዛ 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ 3.0 ከሆነ 900 ይደርሳል። አዳፕተር የሌለው የ2.0 ሀብ ደግሞ ከዚያው ላይ ለራሱ ቀንሶ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 100 ሚሊ አምፔር ብቻ እንዲያድል ነው ደንቡ የሚያዘው። ሳውንድ ካርድ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ደግሞ በተለይ ሲነሳ ብዙ ይስባል።

የ48 ቮልቱ ነገር ነው ነገሩን ግልጽ ያደረገልኝ። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ሳውንድ ካርድ ያን 48 ቮልት ከሌላ ቦታ አያመጣውም፤ ከዚያችው ከ5 ቮልቷ ላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ከሀቡ ተጨማሪ ኃይል ይሳባል። በዚያ ቅጽበት የሀቡ ቮልቴጅ ይወርድና የተሰካበት ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ማውሱ ሀቡ ላይ ስላለ ይቆማል። ሃርድ ዲስኩ ስለጠፋ ኪዩቤዝ ሳምፕሎቹን እየጠበቀ ይቀራል። ለሚያየው ሰው ኮምፒውተሩ የደረቀ ይመስላል። ጆሮዎን ወደ ዲስኩ ቢያስጠጉ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ሊያዩት ይችላሉ።

ለዛሬ ማታ የሚበቃው ይህ ነው፤ ፕሪንተሩን ይንቀሉና ሳውንድ ካርዱን ያለ ሀብ በቀጥታ ከኋላ ይሰኩት፤ ሃርድ ዲስኩንም እንዲሁ ለብቻው ከኋላ፣ ሰማያዊ (የ3.0) ቀዳዳ ካለ በእሱ ላይ ያድርጉት። ከፊት ያሉት ቀዳዳዎች በቀጭን ገመድ ተሻግረው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚሰኩ ለእነዚህ ሁለቱ አላምናቸውም። ማውሱና የሙዚቃ ኪቦርዱ ሀቡ ላይ ቢቀሩ፣ ሀቡም ወደ ፊት ቀዳዳ ቢዛወር ምንም አይደለም። ማስረጃ ከፈለጉ የዊንዶውስን የመዝገብ ማሳያ፣ ኢቨንት ቪውወርን ከፍተው ሲስተም በሚለው ሥር ቁጥር 157 የሆነ የዲስክ መልእክት ይፈልጉ፤ ዲስኩ ሳይታሰብ መነቀሉን የሚመዘግበው እሱ ነው።

ጋሽ ቮልት
እንግዲህ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ጋሼ፣ በአክብሮት ልለይ። የመሬት ሽቦ መጥፋት እምም የሚል ድምፅ በቀረጻው ውስጥ ያስገባል እንጂ 48 ቮልት ሲጫን ጠብቆ ማውስ አያቆምም። ስታብላይዘርም የግድግዳውን 220 ያስተካክል ይሆናል፤ ሀቡ ያጣውን 5 ቮልት ግን አይጨምርለትም።

የኪቦርድ እህት
ወንድም ቦርከና ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዊንዶውስ ኃይል ቁጠባም ዕቃውን ያስተኛዋል። በኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ከአድቫንስድ ሴቲንግስ ላይ ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ዲሴብልድ ያድርጉት፤ ከዚያም በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በእያንዳንዱ ዩኤስቢ ሩት ሀብ ላይ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ገጽ ከፍተው ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ይህ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣውን መቋረጥ ሊያስረዳ ይችላል፤ ከ48 ቮልቱ ጋር የሚመጣውን ግን አያስረዳም። የሳውንድ ካርዱንም ገመድ ይለውጡት፤ ቻርጀር ላይ ከነበረ ገመድ ይልቅ ከዕቃው ጋር የመጣው አጭሩ ይሻላል።

ጠያቂ
ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ 48 ቮልቱን ስጫን ምንም አልሆነም፤ መልሼ ሀቡ ላይ ስሰካውና ስጫን ግን ማውሱ ቆመ። ካፕስ ሎክም ይበራል፣ ይጠፋል። አሁን ሳውንድ ካርዱን ከኋላ በቀጥታ ሰክቼዋለሁ። የፕሪንተሩ ቀዳዳ ግን ልል ስለሆነ ሃርድ ዲስኩን ሲነኩት ይነቀላል። ባለ አዳፕተር ሀብ በዚህ ሰዓት ፒያሳ ላይ አይገኝም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ለነገ ምን ይሻለኛል?

የኪቦርድ እህት
ለነገ ሃርድ ዲስኩ ጭራሹኑ አያስፈልግዎትም። የነገውን ዘፈን ሳምፕሎች ብቻ ዛሬ ማታ ወደ ኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ይቅዱና ዘፈኑን ሲከፍቱ ፋይሉ የት አለ ብሎ ሲጠይቅዎት አዲሱን ቦታ ያሳዩት። ለሚቀዱበት ጊዜ ብቻ የጽሕፈት ኪቦርዱን ነቅለው ዲስኩን በደህናው የኋላ ቀዳዳ ላይ ያድርጉት። ነገ የድምፃዊቷን ድምፅ ብቻ መቅረጽ ከፈለጉ ደግሞ በሳምፕሎቹ የተሠራውን ሙዚቃ የድምፅ ፋይል አድርጎ አውጥቶ ማስገባት የበለጠ ይቀላል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ከመቅዳትዎ በፊት ግን ዲስኩን ይፈትሹት። በመሐል ብዙ ጊዜ ተቋርጧል፤ ኮምፒውተሩንም በማብሪያው ቁልፍ ሲያጠፉት ነበር። በዲስኩ ላይ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ በሚለው ይፈትሹና ስህተት ካገኘ እንዲያርመው ይፍቀዱለት። ባለ አዳፕተር ሀቡን በኋላ በተረጋጋ መንፈስ ይፈልጉታል፤ ሲገዙ አዳፕተሩ አብሮ ያለ መሆኑን ሳይሰኩ አይመኑ፤ መሰኪያው ብቻ ኖሮት አዳፕተሩ በካርቶኑ ውስጥ የሌለ አለ።

ባለ ማሲንቆ
ሳውንድ ካርዱን ሊጥለው የነበረ ሰው ካለ እኔ ወድቆ ባገኝ አላዝንም።

አዲስ ገቢ (ኮምቦልቻ)
በዚሁ ልጠይቅ፤ እኔ ሀብ የለኝም፣ የሙዚቃ ኪቦርዴ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው የተሰካው። ስጫወት ድምፁ እየተቆራረጠ ፕሮግራሙ ብቻ ይቆማል፤ ማውሱ ይሠራል፣ ካፕስ ሎክም ይበራል። ይህም የኃይል እጥረት ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አይመስለኝም። በፕሮግራሙ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ አሲዮ የሚል (ድምፅን ሳያዘገይ የሚያደርስ) ድራይቨር መመረጡን ይመልከቱና በፈር ሳይዝ የሚለውን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመውን መጠን) ከ128 ወደ 512 ከፍ አድርገው ይሞክሩት። ድምፁ ከጣትዎ ትንሽ ቢዘገይም መቆራረጡ ከቀረ ኮምፒውተሩ በጊዜ ማድረስ አቅቶት ነበር ማለት ነው። ካልቀረ የላፕቶፑን አቅምና የፕሮግራሙን ስም ጨምረው ለብቻው ይጠይቁ።