«ያን ምዕራፍ እኛ አድዋ ላይ ዘግተነዋል»

ከአንጎለላ፦ ትናንት ደብረ ብርሃን በተካሄደው ውይይት አንድ ተናጋሪ «የቆዳ ቀለም ዘረኝነት የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ ያን ምዕራፍ እኛ አድዋ ላይ ዘግተነዋል» ማለታቸው፣ አዳራሹም ማጨብጨቡ እጅግ አሳዝኖኛል። በኅዳር 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የነጭ የበላይነትን የሚሰብኩ ወጣቶች ሙሉጌታ ሥራው የተባለውን ኢትዮጵያዊ ቀጥቅጠው ሲገድሉት የአድዋ ድል ባለቤት የሆነ ሕዝብ ልጅ መሆኑ አላስጣለውም፤ ጥቁር መሆኑ ብቻ በቅቷቸዋል።

ከአንኮበር፦ ወንድሜ፣ የተናገሩት የማከብራቸው መምህሬ ናቸው። «ዘግተነዋል» ያሉት በልባችን ውስጥ ነው። ልጆቻችንን ገና ከአገር ሳይወጡ «ትናቃላችሁ» እያልን ካሳደግናቸው፣ የናቂውን ሥራ እኛው እንሠራለታለን።

የመንዝ ልጅ፦ ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ የመጣው ፋሽስት መዘጋቱን አልሰማም ነበር ማለት ነው? በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር የሚያሳስር ሕግ አወጣ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ መንዝ፣ ዘረት በሚገኘው አመጸኛ ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በመርዝ ጋዝ ፈጀ፤ መርዙን ላለመጠቀም ግን አስቀድሞ በጄኔቫ ፈርሞ ነበር።

ከአንኮበር፦ እህቴ፣ ያን ጠላት ያባረሩትም እነዚያው በልባቸው ያልተዋረዱት አባቶች ናቸው። የመምህሬን ቃል የሚያጸና እንጂ የሚያፈርስ ነገር አልጻፉም።

ከአንጎለላ፦ በልብ መዝጋት ለተበዳዩ ምን ይፈይድለታል? ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በእስራኤል የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ የተጋለጠው በጥር 1988 ዓ.ም.፣ የአድዋን 100ኛ ዓመት ልናከብር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው።

ከአንኮበር፦ ድርጊቱ ያማል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ኤድስን መፍራት ነው ተብሏል።

ከአንጎለላ፦ የአንዱን ሰው ደም መርምሮ መጣል ጥንቃቄ ነው። የአንድን ወገን ደም በጅምላ መድፋት ግን ዘረኝነት ነው። ለአገሩ ደሙን ሰጥቶ ደሙ የተደፋበት ወታደር ከዚያ በኋላ ሥራ ሲያመለክት ወይም ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው ያ ውርደት ይመላለስበታል፤ ኩሩ ሆኖ ማደጉ ብቻውን አይፈውሰውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሁላችሁም ስለ ነጩ ጻፋችሁ። ከአንኮበር ሥር፣ በአልዩ አምባ አካባቢ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬም በወረዳችን ሽማግሌ ከመቀበሉ በፊት «ጨዋ ነው ወይስ የባሪያ ዘር» ብሎ የሚያስጠይቅ፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያለ የሚሸሽ ቤተሰብ አለ። እርስዎ የተዋረደ ልጅ እንዳናሳድግ ሲያሳስቡ የእነዚህን ልጆች ቆጥረዋቸዋል?

ከአንኮበር፦ ይህ ሌላ ርእስ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ሌላ ርእስ አይደለም። በነጩ ላይ የምንከሰውን በደል በጋብቻ ጊዜ ራሳችን እንፈጽመዋለን።

ከአንኮበር፦ ነውር መሆኑን አልካድኩም። አድዋን መንቀፊያ ሲሆን ግን አልቀበለውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ አድዋን የነቀፈ የለም። ለዘማቹ ጦርና ጎራዴ የሠራለት ቀጥቃጩ ነው፤ የልጅ ልጁን ከጋብቻ የምናገለው በምን ክብራችን እንደሆነ እርስዎም መምህርዎም መልሱልኝ።

ከአንኮበር፦ መልስ አለኝ። ነገር ግን የአባቶችን ድልና የቤታችንን ነውር በአንድ ሚዛን ካስቀመጡ አንግባባም።